ለእንግዳ ገመድ ይሰጣል?

የስጦታ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት የስጦታ ዐዋቂ ስለሆንሁ አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ ይመለከተዋል ተብሎ ስለሚታመን ብቻ ነው። ዓመታዊው የደንበኞች ጉባኤ ሲቃረብ ከየአገሩ ለሚመጡት እንግዶች «የቴክኖሎጂ ስጦታ» እንዲዘጋጅ ከላይ ታዘዘ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ገንዘብ ግን ከደኅና ደብተርና እስክሪብቶ ብዙም አይዘልም ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ ሰብሳቢ፣ የሂሳብ ሹሙ ጸሐፊ ሆኑ፤ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው የንብረት ክፍሉ አዛውንት በአባልነት ገቡ። እኔ የቴክኒክ አስተያየት ሰጪ ተባልሁ። ነገሩ ከተበላሸ የሚጠየቀው ሰው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሰብሳቢዋ ከአንድ አቅራቢ የመጣ ናሙና ይዘው ገቡ። ክዳኑ በማግኔት የሚዘጋ፣ ውስጡ ወርቃማ ሳቲን የለበሰ ትልቅ ጥቁር ሣጥን ነው። ፓወር ባንክ፣ ፍላሽ፣ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ፣ ማውስና የስልክ ማቆሚያ በየጎድጓዳቸው ተደርድረዋል። ክዳኑ ላይ የድርጅታችን አርማ መዳፍ በሚያህል መጠን ታትሟል።

«አምስት ዕቃ፣ በአንድ ዕቃ ዋጋ!» አሉ።

የሂሳብ ሹሙ ፕሮፎርማውን አይቶ ፊቱ በራ። እውነቱን ለመናገር ሣጥኑ ሲከፈት ያምር ነበር፤ ያንን አልክድም።

ፓወር ባንኩን አነሣሁት። ጀርባው ላይ 50,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል ቁጥር በደማቁ ታትሟል፤ እጄ ላይ ግን እንደ ባዶ የክብሪት ቀፎ ቀለለኝ። ምንም ሳልናገር ወደ መዝገብ ቤት ወርጄ የፖስታ ሚዛን ላይ አስቀመጥሁት፤ 210 ግራም መዘነ። ሂሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ሴል የተለመደው ቮልቴጅ 3.7 ነው፤ 50,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ማለት 50 አምፒር-ሰዓት ነው፤ በዚህ ሲባዛ 185 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ማለት ነው። በዛሬው ጊዜ በየሱቁ የሚገኝ ጥሩ የሊቲየም ሴል በአንድ ኪሎ 250 ዋት-ሰዓት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ የተጻፈው እውነት ቢሆን ኖሮ ቅርፊቱን ሳይጨምር ባትሪው ብቻ ከ700 ግራም በላይ መመዘን ነበረበት። ፓወር ባንክ የሚዋሽበት ቦታ ብዙ ነው፤ ክብደት ላይ ግን መዋሸት ይከብደዋል። አንዳንዱ አታላይ ይህንንም ዐውቆ ውስጡ አሸዋ ይጨምርበታል፤ የእኛው አቅራቢ እዚያ ድረስ አልደከመም።

«ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁኝ ሰብሳቢዋ ስመለስ።

«ከማተሚያ ቤት ነው የመጣው።»

አልሳቁም። «እንግዳ ስጦታ አይመዝንም» አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ አይመዝንም። የአውሮፕላን ማረፊያ ፈታሽ ግን ጽሑፉን ያነባል። በአቪዬሽን ደንብ መሠረት መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞት የሚገባው መለዋወጫ ባትሪ፣ ፓወር ባንክም በዚህ ይቆጠራል፣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከ160 በላይ የሆነ በመንገደኛ ሻንጣ ጨርሶ አይፈቀድም። የእኛ እንግዶች ደግሞ አብዛኞቹ የሚመለሱት በአውሮፕላን ነው። አርማችን በመዳፍ ልክ የታተመበት ስጦታ ፍተሻ ላይ ሲወረስ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ማን እንደሰጠው ያነባል። ሰብሳቢዋ ዝም ያሉት ይህን ስነግራቸው ነው።

ፍላሹን ሌሊቱን ለምርመራ ተውሁት። እስከ ጢሙ ፋይል የሚሞላና መልሶ እያነበበ የሚያመሳክር ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ማንም ሰው ከመግዛቱ በፊት ናሙና ላይ ቢሞክረው እመክራለሁ። 2 ቴራባይት፣ ማለትም 2,000 ጊጋባይት፣ የተጻፈበት ፍላሽ የተጻፈለትን መልሶ ማንበብ የቻለው ለ30 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው። የዚህ ማጭበርበር አሠራር ቀላል ነው፦ ፍላሹን የሚቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ የሌለውን ቦታ አለኝ ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲናገር ተደርጎ ይሠራል። ኮምፒውተሩም ያምነዋል። ፋይሉ ሲገለበጥ ምንም ስሕተት አይታይም፤ ስሙም መጠኑም ዝርዝሩ ውስጥ ይወጣል፤ ሲከፈት ግን ውስጡ ባዶ ወይም ዝብርቅርቅ ነው። እንግዳችን የልጁን ፎቶ እዚያ አስቀምጦ ቢሆንስ? ማውሱን ጎማ መሳይ ለስላሳ ቀለም ስለተቀባ ብቻ «ውድ ይመስላል» ሲሉት ሰማሁ። ያ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአየር እርጥበት እየተበላሸ እጅ ላይ ይጣበቃል። የጆሮ ማዳመጫውን ለመመርመር አልደከምሁም።

የሂሳብ ሹሙ ግን እጅ አልሰጠም። «እሺ፣ ሣጥኑ ይቅር። በዚህ በጀት ከዚህ የተሻለ አምስት ዕቃ ከየት ታመጣለህ?» አለኝ። አላመጣም። የእኔ ሐሳብ አምስቱን ትቶ አንዱን ብቻ መግዛት ነበር፤ እሱም ውድ ከሚባል ዓይነት ዕቃ ተራውን ሳይሆን ርካሽ ከሚባል ዓይነት ዕቃ ምርጡን።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ክሪስቶፈር ሺ የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1998 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ስጦታ እንደተሰጣቸው እንዲያስቡ አድርጓል። ለአንዱ ቡድን የተነገረው ስጦታ ከ5 እስከ 50 ዶላር ድረስ የአንገት ልብስ ከሚሸጥበት መደብር የተገዛ የ45 ዶላር የሱፍ የአንገት ልብስ ነው። ለሌላው ቡድን የተነገረው ከ50 እስከ 500 ዶላር ድረስ ካፖርት ከሚሸጥበት መደብር የተገዛ የ55 ዶላር ካፖርት ነው። ይበልጥ ቸር ተብሎ የተመሰገነው በዋጋ ያነሰውን የአንገት ልብስ የሰጠው ሰው ሆነ። ይህ የሚሆነው ታዲያ ሁለቱ ተለያይተው ሲታዩ ነው፤ ጎን ለጎን ቢቀርቡ ማንም ሰው ካፖርቱ በዋጋ እንደሚበልጥ ያያል። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴ ስጦታን የሚመርጠው ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ዋጋና ብዛት እያነጻጸረ ነው። ተቀባዩ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው፤ ያልተመረጡትን አያውቃቸውም። «ይህ ነገር በዓይነቱ ጥሩ ነው ወይስ ተራ?» ብሎ ይገምታል፤ ያም ግምት ስለ ሰጪው የሚያስበውን ይወስናል። አምስት ዕቃ ስለሚበዛ ኮሚቴውን ያስደስታል፤ እንግዳው ግን አምስት ተራ ዕቃ ይደርሰዋል።

«ታዲያ የትኛውን አንድ ዕቃ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«የቻርጀር ገመድ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየረገጡ፣ «ለእንግዳ... ገመድ... ይሰጣል?» አሉ። የሂሳብ ሹሙ ሳቀ። ጋሼ ብቻ ምንም አላሉም፤ ባዶውን የሳቲን ሣጥን አንሥተው ማጠፊያውን በጥፍራቸው ይፈትሹ ነበር።

ገመዱን የመረጥሁበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በዓለም ላይ ካለው ምርጥ ገመድ ጋር እንኳን ቢሆን በጀታችን ብዙም አይጣላም። ለምርጥ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ለምርጥ ፓወር ባንክ ግን አይበቃም። ደግሞም እንግዶቻችን መንገደኞች ናቸው፤ ሆቴል ያደረ ሰው ሁሉ ሶኬቱ ከአልጋው ርቆ ስልኩን ወለል ላይ ያስቀመጠበት ሌሊት አለው። ስለዚህ ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ በናይለን የተጎነጎነ፣ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነ፣ ማለትም ቢገለበጥም የሚገባው ትንሽ ሞላላ መሰኪያ ያለው ገመድ አልሁ። ስልኩ ይለያያል የሚለው ሥጋት እየቀነሰ መጥቷል፤ አይፎን ራሱ ከ2023 ጀምሮ ወደ ታይፕ ሲ ዞሯል፣ በአውሮፓ ኅብረትም ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ወዲህ ለሽያጭ የሚቀርብ አዲስ ስልክ በሕግ ታይፕ ሲ እንዲኖረው ግድ ሆኗል። ለማንኛውም የምዝገባ ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አስጨምረን፣ የቆየ ስልክ ለያዙት ጥቂት እንግዶች የሚስማማውን ጫፍ ለብቻ አዘዝን።

ገመድም ከገመድ ይለያል። ተራው ታይፕ ሲ ገመድ 3 አምፒር፣ ማለትም እስከ 60 ዋት ያስተላልፋል። ከዚያ በላይ እንዲሄድ ጫፉ ውስጥ «ይህን ያህል እችላለሁ» ብሎ ለቻርጀሩ የሚናገር ቺፕ ሊኖረው ይገባል፤ በ2021 በወጣው ደረጃ ይህ እስከ 240 ዋት ይደርሳል። እኛ የመረጥነው የዚህን የላይኛውን ደረጃ ነው፤ ከስልክ እስከ ከባድ ላፕቶፕ በአንድ ገመድ ይሞላል። በአንጻሩ ለመረጃ ፍጥነት ገንዘብ አላወጣንም። ፋይል በፍጥነት የሚያስተላልፍ ገመድ ሲረዝም ይወፍራል፣ ይደነድናል፣ ዋጋውም ይሰቀላል፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ላይ ተኝቶ ፋይል በገመድ የሚገለብጥ እንግዳ ደግሞ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የጋሼ ነው፤ እኔም ስለ ስጦታ የተማርሁት ከኮምፒውተሩ ይልቅ ከእርሳቸው ነው። ገመዱ የመጣው በስስ ፕላስቲክ ተጣብቆ፣ በቀጭን ሽቦ ታስሮ ነው። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ያንን ሁሉ አውጥተው የዋስትና ወረቀቱን ብቻ ማስቀረት ነበር። ቀጥሎ አንዱን ገመድ ፈትተው ሙሉ ቀን አንጠለጠሉት፤ በፋብሪካ የታጠፈበት ምልክት ከላላ በኋላ በአራት ጣታቸው ዙሪያ ሳይጠብቅ ጠቀለሉትና በቡናማ ቆዳ ማሰሪያ አሰሩት። ሁለቱ ጫፎች በአንድ በኩል፣ እኩል ወጥተው ይታያሉ። ያ ገመድ ሱቅ ውስጥ የተንጠለጠለው ነው ብትሉኝ ባላመንሁ ነበር።

ሣጥኑን ራሳቸው ለክተው ከማተሚያ ቤት አሠሩት፤ ትንሽ፣ ጠንካራ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ግራጫ ካርቶን። ሁለት ነገር ላይ ግን ድርቅ አሉ። አንደኛ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ ምንም ድምፅ እንዳይሰማ፤ «የሚንቀጫቀጭ ሣጥን ዕቃው እንዳነሰው ይናገራል» ይላሉ። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ከሣጥኑ ጋር የሚገናኝበት ክፍተት እጅግ ጠባብ እንዲሆን። የመጀመሪያውን ናሙና ክዳን ሲለቁት ዱብ ብሎ ወረደ፤ መለሱት። ሁለተኛው ሲለቀቅ በውስጡ ያለው አየር በጠባቧ ክፍተት እየወጣ ስለሆነ ክዳኑ ቀስ ብሎ፣ በራሱ ጊዜ ወረደ። ጋሼ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ከፍተው ለቀቁትና «ይኸው» አሉ። ያን ጊዜ ሰብሳቢዋም ተነሥተው ሞከሩት። ክርክሩ ያበቃው በእኔ የዋት ሂሳብ ሳይሆን በዚያ ክዳን ይመስለኛል።

መጠቅለያ ወረቀት ይኑር አይኑር የሚለውም አከራክሮናል። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ሬኖ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳገኙት፣ በጥንቃቄ ያማረ መጠቅለያ የተቀባዩን ተስፋ ከፍ ስለሚያደርግ ከቅርብ ወዳጅ የመጣ ስጦታን ሊያሳንሰው ይችላል፤ ከሩቅ ትውውቅ ሲመጣ ግን ንጹሕ መጠቅለያ «ለግንኙነታችን ዋጋ ይሰጣል» የሚል ምልክት ይሆናል። የእኛ እንግዶች የሩቅ ትውውቆች ናቸው፤ ንጹሕ እንዲሆን ተስማማን፤ ሪባንና የሚያብለጨልጭ ወረቀት ግን ቀረ። ገመድን የጌጥ ሣጥን በሚያህል ድግስ መጠቅለል የሣጥኑን ተስፋ ገመዱ እንዲከፍል መፍረድ ነው።

የአርማው ነገር ከሁሉ ይበልጥ አስቸገረን። ሰብሳቢዋ ክዳኑ ላይ ይሁን አሉ፤ ሥራቸው ነውና አልፈርድባቸውም። እኔ ደግሞ አርማ በተለቀ ቁጥር ስጦታው ማስታወቂያ ይሆናል አልሁ። በመጨረሻ አርማው ክዳኑ ውስጥ፣ አውራ ጣት በማይሞላ መጠን፣ ያለ ቀለም ወረቀቱን በመጫን ብቻ ወጣ። የገመዱ የአሉሚኒየም ጫፍ ላይ የእንግዳው የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት በሌዘር ተቀረጹ። ሌዘሩ ቀለም አይቀባም፤ የአሉሚኒየሙን ባለቀለም ቆዳ አንሥቶ ከሥሩ ያለውን ነጣ ያለ ብረት ያወጣል፤ እንደ ማኅተም ቀለም በጣት አይለቅም። ለዚህ የወጣው ወጪ ትንሽ ነበር፤ የሂሳብ ሹሙ ግን ሁለት ጊዜ አስፈርሞናል።

ካርዱን ሰብሳቢዋ በእጃቸው ጻፉ። የመጀመሪያው ረቂቃቸው ስለ ድርጅታችን ራእይ ይናገር ነበር። ጋሼ አንብበው «እመቤቴ፣ ሰውየው ይህን ዕቃ ምን እንደሚያደርግበት ንገሩት» አሏቸው። የተላከው ካርድ «ሁለት ሜትር ነው፤ ከየትኛውም ሶኬት እስከ አልጋዎ ይደርሳል፤ ላፕቶፕዎንም ስልክዎንም ይሞላል» የሚል ነው፣ ከዚያ ስምና ፊርማ። ስጦታው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥም የወሰኑት ሰብሳቢዋ ናቸው፤ ወንበር ላይ የተገኘ ነገር ሁሉ በራሪ ወረቀት ይመስላል ብለው በስንብቱ ለእያንዳንዱ በእጃቸው ሰጡ።

ሁሉም ተደሰተ አልልም። አንድ እንግዳ ከፍቶ አይቶ በትሕትና ዘግቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ ፊቱ ላይ ያነበብሁት ነገር አልነበረም። ሌላዋ ግን ክዳኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍታ ለቀቀችው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ እዚያው አዳራሽ ላፕቶፓቸውን ሰክተው መሙላቱን ካረጋገጡ በኋላ ለልጃቸው ሌላ መግዛት እንዲችሉ የአምራቹን ስም ጽፌ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።

የሳቲን ሣጥኑ አሁንም ንብረት ክፍል አለ። ፓወር ባንኩን ከቆሻሻ ጋር እንዳይጥሉት ለጋሼ ነግሬአቸዋለሁ፤ የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የሚረከበን እየፈለግን ነው።

ሰሞኑን ሰብሳቢዋ ጡረታ ለሚወጡት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያንኑ ገመድ እናዘጋጅ ብለው ኮሚቴውን ጠሩ። ተቃወምሁ። እትዬ የሚይዙት ስልክ በቁልፍ የሚደወል፣ ቻርጀሩም የድሮው ዓይነት ነው፤ ይልቅስ ማታ ማታ ማንበብ ይወዳሉ። ጥሩ የጠረጴዛ መብራት ይሁን ብዬ የቀለም መግለጫ ደረጃው፣ ማለትም ከ100 ተለክቶ የዕቃዎችን ቀለም በትክክል የማሳየት ችሎታው፣ ከ90 በላይ፣ ብርሃኑም 2,700 ኬልቪን የሆነ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ እንዲሆን ጻፍሁ። የሂሳብ ሹሙ ያገኘው ርካሹ መብራት አምፖሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ሲቃጠል መብራቱ ሙሉ በሙሉ ይጣላል። አምፖሉ የሚቀየር ካልሆነ አልፈርምም ብያለሁ፤ እሱም ሌላ ፕሮፎርማ እየጠበቀ ነው።