ቢጫዋ መብራት ስትበራ አትንቀሉት

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ወፍጮ ማቆሚያ የሚሆን 10 ሚሊ ብረት እየቆረጥን ነበር። ባለወፍጮው አጠገባችን ቆሞ ሰዓቱን ያያል። መስመሩ ሊያልቅ ስንዝር ሲቀረው ብረት መቁረጫ ማሽናችን፣ ፕላዝማው፣ ጭጭ አለ። እሳቱ ጠፋ፣ ቢጫዋ መብራት በራች፣ ፋኑ ግን ይጮኻል። «በቃ ተቃጠለ!» አለ ሰውዬው። ረዳቴም ደንግጦ ማሽኑን ከሶኬት ነቀለው።

እዚህ ላይ ነው የተቆጣሁት። ማሽኑ እንዳይቃጠል ብሎ ነው እኮ ያቆመው! ውስጡ ኃይሉን የሚቀያይሩት፣ አይጂቢቲ የሚባሉት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ትልቅ አሉሚኒየም ላይ ተጣብቀው ነው ያሉት፣ እዚያው ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የምትቆርጥ ትንሽዬ ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ፋኑ መቆም የለበትም፤ የታመቀውን ሙቀት ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። ነቀላችሁት ማለት አፍናችሁ ተዋችሁት ማለት ነው። መልሰን ሰካነው፣ ቡና ጠጥተን ስንመለስ መብራቷ ራሷ ጠፍታ ጠበቀችን።

ጀርባው ላይ ያለችውን ጽሑፍ ማንም አያነባትም። የእኔ «60% በ40 አምፔር» ይላል። ከ10 ደቂቃ 6ቱን ቆርጠህ 4ቱን አሳርፈው ማለት ነው። ልኩ የተወሰደው 40 ዲግሪ በሚሞቅ አየር ነውና «ታዲያ ደብረ ማርቆስ ብርድ አይደል?» ትሉኛላችሁ። ብርድ ነው፣ ግን ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ማሽኖቹ ደግሞ በአብዛኛው የሚለኩት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ እንደዚያው ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። እኔ 4 ደቂቃውን 5 አደርገዋለሁ።

ሌላው ጣጣ መብራት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ የጣደ ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ማሽኑ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። አንዳንዱ ማሽን በጣም ሲወርድበት ጭራሽ አልነሳም ይላል። ቀጭን ኤክስቴንሽን፣ ያውም ሳይፈታ እንደተጠቀለለ ከሆነ፣ ጥፋቱን በራሳችሁ ላይ አድርጉት።

አየርም እንዲሁ ነው። ኮምፕረሰሩ ከደከመ አይተኩስም፣ አየሩ ብረቱን መግፋት ብቻ ሳይሆን እሳቱ የሚወጣበትን አፍ፣ ኖዝሉንም ያበርዳላ። ቆርጣችሁ ከለቀቃችሁ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ «ሽሽሽ» የሚለው ለዚህ ነው፣ አየር እየባከነ አይደለም።

አንድ የማውቀው ብየዳ ቤት መብራቷ ሰለቻቸውና የዚያችን የሙቀት ማብሪያ ሁለት ጫፍ በሽቦ አገናኙት። ሦስት ቀን አሪፍ ሠራ። በአራተኛው ቀን «ጧ!» አለ፣ ቤቱ ጭስ ብቻ ሆነ። የማሽኑን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አምጥተው አሳዩኝ፣ ግማሹ ከስሏል። እኔን ያናደደኝ ግን አሉሚኒየሙ ነው፦ ክንፎቹ መሀል የግራይንደር ብናኝና አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። በወር አንዴ ከሶኬት ነቅለው በኮምፕረሰር እፍ ቢሉበት ኖሮ ያቺ መብራት መቼ እንዲህ ታስቸግራቸው ነበር።