ለዌበር 40 ዲሲኦኢ በእጅ የሚሠራ የአየር ጥሩምባ

በድሮው የሎተስ ኢላን መኪና ሞተር ጎን የተጋደሙት ሁለት ዌበር 40 ዲሲኦኢ ካርቡራተሮች (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅሉት) በድምሩ አራት አፍ ስላላቸው አራት ጥሩምባ፣ ማለትም አየር የሚያስገባ አፈ ሰፊ ቱቦ፣ ይፈልጋሉ። «40» የስሮትሉ (አየሩን የሚገድበው ክዳን) ቀዳዳ ስፋት በሚሊሜትር ነው እንጂ የጥሩምባው መቀመጫ ልክ አይደለም። መቀመጫዎቹን አራቱንም ለየብቻ በካሊፐር ለኩ።

ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ ይበቃል። የቱቦውን አፍ ወደ ውጭ ከመክፈታችሁ በፊት አለስልሱት፦ የልብስ ሳሙና ቀብታችሁ በጋዝ እሳት አሙቁት፤ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ወዲያው አንሱ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ድንገት ነው የሚቀልጠው። ከዚያ ቶርኖ ላይ፣ ከጠንካራ እንጨት በተቀረጸ ሞዴል ላይ በቀስታ እየገፋችሁ ክፈቱት። በተገፋ ቁጥር ይጠነክራል፤ ከንፈሩ የሚሰነጠቀው ዳግም ሳይለሰልስ ሲገፋ ነው።

ከንፈሩን ወደ ውጭ ጠቅልሉት፤ ስል ጠርዝ አየሩን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። እንደ መስታወት መወልወሉ ለዓይን ብቻ ነው። ይልቅ ጥሩምባው ከካርቡራተሩ ጋር የሚገጥምበትን ዳብሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ካለ በብርጭቆ ወረቀት አጥፉት።

ረጅም ጥሩምባ በዝቅተኛ የሞተር ዙር፣ አጭሩ በከፍተኛ ዙር ይረዳል። ብዙ ጊዜ ግን የሚወስነው ቦታው ነው፦ ከአፉ እስከ ፊልትሮው ክዳን ቢያንስ 40 ሚሊሜትር ይቅር። ያለ ፊልትሮ መንገድ ላይ መንዳት ሲሊንደር ማስበላት ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ ካንዴላውን እዩ። ከነጣ ነዳጅ አንሶታል፤ ዋናውን ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ለምሳሌ ከ115 ቁጥር ወደ 120 ቀይሩ።