የጀልባችን የጥልቀት መለኪያ ተቀየረ

ዛሬ ባሕር ዳር ላይ የጀልባችንን አሮጌ የጥልቀት መለኪያ በአዲስ ተካን። ስክሪኑ ደህና ነበር፤ የደከመው ከጀልባው ሥር ያለው፣ ድምፅ ልኮ የሚቀበለው ክፍል ነው። ገመዱ ውስጥ ውሃ ሰርጎ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ለእሱ ብቻ መለዋወጫ ስላጣን ሙሉውን ገዛን።

«ጣና እኮ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ ምን ያደርግላችኋል?» የሚለን ብዙ ነው። እኔ አጥብቄ የምፈልገው ግን በዚሁ ምክንያት ነው! ግልገል ዓባይ በየክረምቱ ደለል ያመጣል፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ ውሃው ይሸሻል። ሰው ለጫነ ጀልባ የሚያስፈራው ጥልቁ ሳይሆን አንድ ሜትር የማይሞላው ነው።

አዲሱን ከሞተሩ አረፋ አርቀን ገጠምነው፤ አረፋ ድምፁን ይበትነዋል። ከዚያ ድንጋይ ያሰሩበትን ገመድ ጋሼ አውርደው ለኩ፤ ከስክሪኑ ጋር ልክ ሆነ። ደስታቸውን ብታዩ! ነገ ተሳፋሪ ሳንጭን እስከ ዘጌ ሄደን ደግመን እናመሳክራለን።