የአጭር መቀመጫ ሂሳብ

ሞተር ሳይክሉን ካፌ ሬሰር፣ ማለትም ትርፍ ዕቃው ተፈቶ የእሽቅድምድም መልክ የያዘ ሞተር፣ የሚያሠራ ደንበኛ ገና ከበር ይታወቀኛል። ቁልፉን ሳይሆን ስልኩን ይዞ ነው የሚገባው፤ ፎቶ ሊያሳየኝ። የለንደን ጎረምሶች በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ከካፌ ካፌ ሲሽቀዳደሙ ከሞተራቸው ላይ ትርፍ ያሉትን ሁሉ የሚፈቱት ለፍጥነት ነበር። ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ያለው ጋራዣችን የሚመጣው ሰው ያንኑ ያስፈታል፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። አንዳንዴም ይብስበታል።

ይሄኛው ልጅ ሐበሻ ነበር። እዚሁ የተወለደ፣ አማርኛው ግን ከእኔ ልጆች የሚሻል። ያመጣው የ1974 ቢኤምደብሊው አር 75/6 ነው። 50 የፈረስ ጉልበት፣ በሰንሰለት ፋንታ ካርዳን፣ ሰፊ መቀመጫ። ሁለት ሰው ጭኖ ጣሊያን ደርሶ የሚመለስ ሞተር። ፎቶው ላይ ያለው ደግሞ አጭር መቀመጫ፣ የኋላ ፓራፋንጎ የሌለው፣ ማርሚታው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ መሪው ዝቅ ብሎ ሹካው ላይ የታሰረ።

«ጋሼ፣ ልክ እንዲህ ያድርጉልኝ።»

ጀመርኩለት። ያ ጨርቅ ውሃ ይይዛል፣ ከሥሩ ቱቦውን ዝገት ይበላዋል። ያ ጎማ ፎቶ ላይ ያምራል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል። የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ጥለህ እነዚያን ሁለት የቆብ ፊልትሮዎች ብትሰካ፣ የቢንግ ካርቡሬተር በቫኪዩም ስለሚሠራ መሃል ጋዝ ላይ ይታነቃል፤ ዝናብ ሲነካውማ አይጣል ነው። መሪው ሲወርድ የፊት ፍሬኑም ጣጣ አለው፤ የዚህ ሞተር የፍሬን ፓምፕ ታንኩ ሥር ተደብቆ በገመድ ነው የሚሳበው። ከ30 ዓመት በላይ ለሆነ ኦሪጅናል ሞተር የሚሰጠውን የኤች ሰሌዳም ልታጣ ትችላለህ። ጭቃውን ደግሞ ጀርባህ ይቀበለዋል። ዝናብ በማይጠፋበት አገር!

በትዕግሥት ሰማኝ። ሁሉንም። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በሞተር የምሄድበት ቦታ የለኝም። ሥራ የምሄደው በባቡር ነው።»

ምን ይባላል? ለዝናብ መልስ ነበረኝ፣ ለፍሬን መልስ ነበረኝ። ለባቡር አልነበረኝም። ማታ እራት እየበላሁ ሁሉ መልስ ስፈልግለት ሚስቴ ምን ሆነሃል አለችኝ።

አለቃዬ ከቢሮው ብቅ አለ። እሱ ሞተር አይፈታም፣ ፎቶ ያነሳል። ደንበኛው ያለውን ሥራ አለኝ፣ ልጁ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ቀጠለና የኋላውን ቴላዮ በግራይንደር ቁረጠው አለ። እዚህ ላይ እንቢ አልኩ። የዚህ ሞተር የኋላ ቴላዮ በብሎን የታሰረ ነው። ፈትቶ ሌላ ማሰር እየተቻለ ይህን ያህል ዘመን የኖረ ብረት ቁረጥ የሚል ሰው እጅ ግራይንደር ባይገባ ይሻላል። እሱ እጅ ደግሞ እንደ እድል ሆኖ አይገባም። ፈታሁት። ከነመቀመጫው፣ ከነፓራፋንጎው የልጁን ስም ጽፌበት መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። አለቃዬ ሙዚየም ከፈትክ እንዴ ብሎ ሳቀ። ሶማሌ ተራ ሙያ የጀመረ ሰው ዕቃ አይጥልም፤ ይህን ለፈረንጅ ማስረዳት አይቻልም።

የተቀረውን እንደ ፎቶው ሠራሁት። ለቴክኒክ ምርመራው ፓራፋንጎ ያስፈልግ ነበር። ጋራዣችን ውስጥ ለምርመራ ቀን ብቻ የምትታሰር አንዲት ፓራፋንጎ አለች። የስንቱን ሞተር ጀርባ እንዳየች እሷ ትናገር።

ልሞክረው ብዬ ወጣሁ። ሰፈሩን ዞሬ መመለስ በቂ ነበር፤ ፌልድበርግ ተራራ ድረስ ሄድኩ። ወገቤን አመመኝ። መሃል ጋዝ ላይ እንዳልኩት ታነቀ። ስመለስ ግን የሱቅ መስታወት ባገኘሁ ቁጥር ዘወር እያልኩ አየሁት። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም፣ ለአለቃዬማ ጭራሽ።

በሚቀጥለው በጋ ልጁ ከእጮኛው ጋር መጣ።

«ጋሼ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን መቀመጫ ማሠራት ይቻላል?»

አለቃዬ ካታሎግ ሊያመጣ ተነሳ። እኔ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። የዚያን ቀን የአለቃዬን ፊት ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል።

አሰርኩላቸው። ልጅቷ ወጣችበት፣ ተመቻት። ወረደችና ራቅ ብላ አየችው።

«ይመቻል፤ ግን የሽማግሌ ሞተር አስመሰለው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ይቅርታ፣ ጋሼ።»

አሁን ሁለቱንም ይጠቀማሉ። አብረው ራቅ ሲሉ ሰፊውን፣ ፎቶ ሊነሱ ሲሆን አጭሩን። የምቀያይርላቸው እኔ ነኝ። ሥራው ቀላል ነው፤ ደረሰኙ ላይ ግን ሙሉ ሰዓት እጽፋለሁ፣ አለቃዬ ራሱ ባወጣው ዋጋ። ልጁ አንድ ቀንም ተከራክሮኝ አያውቅም።