ሃያ ሰው ያልሞላበት ስብሰባ

ቴክሳስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት የአምስት ደቂቃ ቮይስ ላከልኝ። ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ዜግነት ካገኘ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ፓስተሩ «ሂዱ፣ ተሳተፉ» ብሏቸው የሪፐብሊካን ፓርቲ የሰፈር ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሰው አይሞላም። ዐሥራ አንዱ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ እሱም የካውንቲው (እንደ እኛ ወረዳ በሉት) ጉባኤ ተወካይ ሆኖ ተመረጠ። «በመጀመሪያ ቀኔ እኮ ነው!» ይላል። ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል።

እኔን ግን ከፋኝ።

ጴንጤ ነኝ። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁንም መዘምራን ውስጥ የማገለግል ሰው ነኝ። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው እምነትን ከሩቅ ሆኜ ልተች ብዬ አይደለም። የከፋኝ ያ ሃያ ሰው ያልሞላበት ክፍል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ስለማውቅ ነው። እኛ የቀበሌ ስብሰባ ሲባል ሰበብ ፈልገን እንደምንቀረው ሁሉ አሜሪካኖችም አብዛኞቹ የፓርቲያቸውን የሰፈር ስብሰባ ዞር ብለው አያዩትም። ተወካይ የሚመረጠው ግን እዚያ ነው። እነዚያ ተወካዮች ወደ ካውንቲ፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ግዛቱ ጉባኤ ይወጣሉ፤ የፓርቲውን ሊቀመንበር ይመርጣሉ፣ የአቋም ሰነዱን ያጸድቃሉ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ዕጩውን ራሱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በየእሑዱ የሚገናኝ፣ የሚደዋወል፣ በአንድ መኪና ተጭኖ የሚመጣ ሕዝብ እዚያ ከገባ ማን ይችለዋል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው።

መንገዱን የዘንድሮ ሰዎች አልፈጠሩትም። የቨርጂኒያው ሰባኪ ጄሪ ፎልዌል «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለውን የክርስቲያኖች የፖለቲካ ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1979 መሠረተ፤ በ10 ዓመቱ ፈረሰ። በ1988 ደግሞ የቴሌቪዥን ሰባኪው ፓት ሮበርትሰን ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። አዮዋ በተባለው ክፍለ ግዛት፣ በብርድ ማታ በሚደረገው የሰፈር ምርጫ፣ ሁለተኛ ወጥቶ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ጆርጅ ቡሽን ሦስተኛ አደረጋቸው። ዕጩነቱን አላገኘም። ሰዎቹ ግን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። በ1989 ክርስቲያን ኮአሊሽን የተባለ ድርጅታቸው ተቋቋመ፤ ራልፍ ሪድ የሚባል ወጣት ይመራው ጀመር። ሥራቸው ከታች ነበር፤ የትምህርት ቦርድ፣ የሰፈር ስብሰባ፣ ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚታደል የዕጩዎች ማወዳደሪያ ወረቀት። በ1994 አንድ የምርጫ ሥራ መጽሔት ሲቆጥር፣ ክርስቲያን ቀኙ፣ ማለትም ይሄ የወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች የፖለቲካ ንቅናቄ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲን በ18 ክፍለ ግዛቶች ተቆጣጥሮት ነበር። በአምስት ዓመት!

ያነሣሣቸው ነገር ይገባኛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ፅንስ ማቋረጥን መብት ሲያደርገው ብዙ አማኝ አዝኗል። ዜጎች ናቸው፣ ይናገሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግም እኮ ፓስተር ነበር። ኪንግ ግን መንግሥትን ውጭ ቆሞ ሞገተ እንጂ ፓርቲ አልወረሰም። ለእኔ መሥመሩ እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ አዳራሽ መሙላት ሕዝብ ማሳመን አይደለም። ቨርጂኒያን ተመልከቱ። በ1993 ልጆችን ቤት ለማስተማር መብት የሚሟገተውን ጠበቃ ማይክል ፋሪስን፣ አማኞቹ ጉባኤውን ሞልተው ለምክትል ገዥነት ዕጩ አደረጉት። በዋናው ምርጫ ከእሱ ጋር በዚያው ፓርቲ የቀረቡት፣ ገዥውም ዐቃቤ ሕጉም፣ አሸነፉ። እሱ ብቻ ተሸነፈ። በዓመቱ የቀድሞውን የጦር መኮንን ኦሊቨር ኖርዝን ለሴኔት አቀረቡ፤ ሪፐብሊካኖች በመላ አገሪቱ በድል በጨፈሩበት ዓመት እሱም ተሸነፈ።

ግን የሚያሳስበኝ የፓርቲው መሸነፍ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኗ ነች።

በእኛ አቆጣጠር በ2013ቱ ምርጫ ሰሞን እዚሁ ከተማችን አንድ ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት ሄጄ ነበር። ስሟን አልጠራም። ከስብከቱ በኋላ አንድ ዕጩ መድረክ ላይ ተጠራ፣ እጅ ተጫነበት፣ «እግዚአብሔር የቀባው» ተባለ። አዳራሹ በአሜን ተናጋ። አጠገቤ የእናቴ ጓደኛ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቡራኬው ሳይደርስ ወጡ። ማታ ቤታቸው ሄድኩ። ለካ ልጃቸው ለሌላ ፓርቲ ነበር የሚቀሰቅሰው። ቡናውን እየቀዱ «ልጄ፣ ታዲያ የኔ ልጅ የሚወዳደረው ከእግዚአብሔር ጋር ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እኚህ ሴት በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሲታሸግ ሰው ቤት ተደብቀው የጸለዩ ናቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው የተገደሉበትን ዘመን በዓይናቸው አይተዋል።

ከዚያ በፊትም ቢሆን የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንዲት ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሲያደርግ እኛ ውጭ ነበርን። ዛሬ ሐዋሳ ላይ የገብርኤል ደወልና የእኛ ኪቦርድ በአንድ ሰዓት የሚሰሙት፣ የአሁኑ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ስለሚል ጭምር ነው። ያ አንቀጽ ለእኛ ጣሪያ ነው። ዘንድሮ በዛን ብለን ራሳችን ካፈረስነው ነገ ማን ይጠለልበታል?

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በቮይስ ላክሁለት። ማታ ደወለ። አልተቆጣም። ዝም ብሎ ቆየና፣ ከጸሎት በኋላ ቡና የሚያፈሉላቸው አንድ ሽማግሌ ካለፈው ምርጫ ወዲህ መምጣት ማቆማቸውን ነገረኝ። «ለምን ቀሩ ብሎ የጠየቀ አለ?» አልኩት። የለም። እሱም አልጠየቀም።

እሑድ ቤታቸው እንደሚሄድ ቃል ገባልኝ።