ለዳማዬ የሚሆን ኮርቻ ያገኘሁት እንዲህ ነው

ጫንቃው (ከአንገቱ ኋላ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሀል ያለው ጉብታ) ከፍ ያለ፣ ከጫንቃው ኋላ ጎድጎድ ያለ፣ ጎኑ ደግሞ ሰፊ የሆነ ፈረስ ያለው ሰው ችግሬ ይገባዋል። የኔው ዳማ እንዲያ ነው። ጠባብ ኮርቻ ትከሻውን ይቆነጥጠዋል። ሰፊው ደግሞ ወደፊት ተደፍቶ ጫንቃው ላይ ያርፍበታል። በዚያ ላይ የግራ ትከሻው ከቀኙ ስለሚወፍር ኮርቻው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

ስገዛው ከጫንቃው ዝቅ ብሎ በግራም በቀኝም ነጭ ጠጉር ነበረበት። ሻጩ «የተፈጥሮ ምልክቱ ነው» አለኝ። አይደለም። ኮርቻ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲጫን ቆዳው ይጎዳል፤ እዚያ የሚበቅለው ጠጉርም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሲብስ ገጣባ ይሆናል።

ኮርቻ ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት ለእንስሳት ሐኪም አሳየሁት። ጠፍር ሲጠብቅበት ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ሊነክስ የሚዞር ፈረስ ሁሉ ችግሩ ኮርቻ ነው ማለት አይደለም። ጥርስም፣ ሰኮናም፣ የሆድ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ከጫንቃው እስከ ወገቡ በጣቱ እየተጫነ ወረደ። ነጩ ጠጉር ጋ ሲደርስ ቆዳው ተንቀጠቀጠ፣ ጀርባውንም ሰበር አደረገ። ቁርጡ ታወቀ። ሕመሙ እስኪለቀው ድረስ አልተጫነም።

በዚህ መሀል ያገኘኝ ሁሉ ምክሩ አንድ ነበር፦ «ከስሩ ደልደል አርግለት!» ብርድ ልብስ፣ ስፖንጅ፣ የበግ አጎዛ። ምክሩ ከደግነት ነው። ለጠባብ ኮርቻ ግን አይሠራም። ከስር የሚነጠፈው በወፈረ ቁጥር ለትከሻው የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ቆንጣጭ የነበረው ኮርቻ ጭራሽ ነካሽ ይሆናል።

ስለዚህ ያገኘሁትን ኮርቻ ሁሉ ፈረሱ ላይ ከመሞከር ይልቅ የፈረሱን ጀርባ ልኬት ይዤ ኮርቻ ለመፈለግ ወሰንኩ። ሥራው ቀላል ነው። ፈረሱን ሜዳ ላይ አራት እግሩን እኩል አስቆምኩት። አንድ ልጅ ራሱን ቀና አድርጎ ያዘልኝ። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጀርባው ላይ አጋድሜ በእጄ እየተጫንኩ ቅርጹን አስያዝኩት። አንዱን ከትከሻው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ኋላ፣ ሌላውን ከዚያ ስንዝር አለፍ ብሎ፣ የመጨረሻውን ኮርቻው የሚያበቃበት ላይ። ሽቦውን ሳላጣምም ካርቶን ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ተከተልኩት፣ በመቀስም ቆረጥኩት። ከፊት ወደ ኋላ ያለውን የጀርባውን ቅርጽም እንደዚያው ለየብቻ ወሰድኩ። ግራና ቀኙን መጻፍ አይረሳ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻዋን የጎን አጥንት በጣት ተከትሎ ወደ ላይ መውጣትና ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። የሰው ክብደት ከዚያ ማለፍ የለበትም። ከዚያ ወዲያ ያለው ወገብ የጎን አጥንት አይደግፈውም።

ካርቶኖቹን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ዞርኩ። ኮርቻውን ገልብጦ ካርቶኑን ከውስጥ ማስጠጋት ነው፤ አብዛኛው ወዲያው ይወድቃል። አንድ የፈረንጅ ኮርቻም ተውሼ አይቻለሁ። የጀርባ አጥንቱን አይነካም፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን ከስሩ ቀጥ ያለ ነው። የኔ ፈረስ ላይ ፊቱና ኋላው ብቻ ያርፋል፣ መሀሉ እጅ ያስገባል። ክብደቱ ሁሉ በአራት ነጥብ ላይ ይወርዳል ማለት ነው።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። «ካርቶኑን ተወውና ፈረሱን አምጣልኝ» አሉኝ። «አመጣዋለሁ አባባ፣ ግን ይቺን አንዴ ይዩልኝ» አልኳቸው። ካርቶኑን አሮጌው ኮርቻዬ ውስጥ አስገብተው ወደ ብርሃን ያዙት። ዝም ብለው ቆዩ። «በዚህማ ትከሻውን ሲበላው ነው የከረመው» አሉ።

የኮርቻውን ቆዳ ፈተው የፊተኛውን እንጨት ከውስጥ በመሮ ጠረቡት፣ በሞረድም አለሰለሱት። ትከሻው በሚወፍርበት በግራ በኩል ትንሽ ጨመር አድርገው ጠረቡት። በኮርቻው ሁለት የጎን ሳንቃዎች መሀል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦታ ተዉ፣ የጀርባ አጥንቱ አየር እንዲያገኝ። ለጎድጓዳው ቦታ ደግሞ በበግ ጠጉር የተሞሉ ሁለት ስስ ትራሶች ሰፉልኝ። ትራሶቹ በጠፍር የሚታሰሩ፣ ሲፈለግ የሚወልቁ ናቸው። ይህን የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ፈተናው በአቡጀዲ ነው። ነጭ አቡጀዲ ከኮርቻው ስር አንጥፌ ከጎንደሩ ፋሲል መዋኛ ተነስቼ የቁስቋምን ዳገት ወጣሁ፣ ወረድኩም። መንገዴ የአፄ ፋሲል ፈረስ ዞብል መቃብር ነው በሚባለው ሕንፃ በኩል ነው። ባለፍኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ለፈረስ መቃብር ተሠራ በሚባልበት ከተማ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ማየት የለብንም።

ወርጄ አቡጀዲውን ሳነሳ ላቡ በሁለቱም በኩል እኩል ወርዷል፣ የጀርባ አጥንቱ ያለበት መሀሉ ደረቅ ነው። የሚፈለገው ይኸው ነው። የሚያስፈራው በላቡ መሀል ብቻውን ደረቅ የሆነ ክብ ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ጫናው ስለበዛ ላቡ መውጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ሰው ተቀምጦበትም ከጫንቃው በላይ ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት። ሰው ሳይቀመጥ መለካት ያታልላል።

አሁን ወደ ትራሶቹ። ፈረስ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መስከረም ላይ ሣር ጠግቦ ይወፍራል፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይከሳል። ዳማዬ ሲወፍር ትራሶቹን አወልቃለሁ፣ ሲከሳ እመልሳለሁ። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው አሁንም ትንሽ ወደፊት ይሄዳል። በጭራው ስር የሚያልፈውን ጠፍር እዚያ ላይ ጠበቅ አደርጋለሁ፣ ሜዳ ላይ አላላዋለሁ።

ለጥምቀት ጉግስ «ኮርቻህን አውሰኝ» የሚሉኝ አሉ። ኮርቻውን አላውስም፤ ለሌላ ፈረስ አልተሠራም። ሽቦውን ግን እሰጣለሁ፣ ሲለኩም አብሬ ሄጄ ፈረሱን እይዝላቸዋለሁ።