አሥራ አራት ጭረት፦ ከግሬስ ሆፐር ጉባኤ ይዤው የተመለስኩት

በሴፕቴምበር 2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሂውስተን ወደሚገኘው የጆርጅ አር. ብራውን የስብሰባ ማዕከል ስገባ ቦርሳዬ ውስጥ 40 ቅጂ ሲቪ ነበረ። የግሬስ ሆፐር ጉባኤ በኮምፒውተር ሙያ የተሰማሩ ሴቶች በየዓመቱ የሚሰባሰቡበት ነው፤ በዚያ ዓመት ከ20 ሺህ በላይ ሰው መጥቶ ነበር። እኔ አምስት ዓመት በሶፍትዌር ኢንጂነርነት ሠርቼ ከነበርኩበት ደረጃ ፈቀቅ አላልኩም ነበርና ሐሳቤ ሌላ ሥራ ይዤ መመለስ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ የፈጀሁት ኩባንያዎች ሠራተኛ በሚመለምሉበት አዳራሽ ነው። አንዱ ጋ 50 ደቂቃ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ባጄን ስካን አድርገው «ድረ ገጻችን ላይ አመልክቺ» አሉኝ። ሌላውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። እስኪመሽ 22 ሲቪ አደልኩ፤ ከአንዳቸውም ስልክ አልተደወለልኝም። ማታ ከሌሎች ተሳታፊዎች ጋር ስንጫወት ነው ነገሩ የገባኝ። እዚያው ቃለ መጠይቅ ሲደረግላቸው ያየኋቸው ሴቶች ሲቪያቸውን ያስገቡትና ቀጠሮ ያስያዙት ከሳምንታት በፊት ነበር። ለሥራ ፍለጋ ብላ የምትሄድ ካለች ይህን አስቀድማ ትወቀው፤ እኔ አንድ ሙሉ ቀን ከፍዬበታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት የፓነል ውይይት ገባሁ። መድረኩ ላይ አምስት አምስት ሰው ተቀምጦ እያንዳንዱ የሕይወት ታሪኩን በስምንት በስምንት ደቂቃ ይናገራል፤ ጥያቄ ሲጀመር ሰዓቱ ያልቃል። ተናጋሪዎቹ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ ግን ማስታወሻዬን ዛሬ ስገልጠው ከሁለቱም የቀረልኝ አንድ መስመር የለም። ከዚያ በኋላ የክፍለ ጊዜዎቹን መግለጫ የማነበው አንድ ነገር እየፈለግኩ ነው፤ ተሳታፊዋ እዚያ ገብታ እጇ የሚሠራው ነገር አለ ወይ? «ትጽፋላችሁ»፣ «ትለማመዳላችሁ» የሚል ካገኘሁ እሱን እመርጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ የገባሁበት ክፍል ትንሽ ነበር። ክብ ጠረጴዛዎች፣ በየወንበሩ ፊት አንድ ባዶ ወረቀትና እርሳስ። አሰልጣኟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ስለ በራስ መተማመን አንድም ቃል አልተናገሩም። «ባለፈው ዓመት ከሠራችሁት የምትኮሩበትን አንድ ሥራ አጠገባችሁ ላለችው በሁለት ደቂቃ ንገሯት። አድማጯ ‹እኛ› የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር ወረቀቷ ላይ አንድ ጭረት ታስምር» አሉን።

እኔ የመረጥኩት የሌሊቱን ሪፖርት ነበር። ሂሳብ የሚያመሳክር ፕሮግራም አለን፤ ሌሊት ተነሥቶ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ አንዳንድ ቀን ሰው ሥራ ገብቶ እንኳ አያልቅም። ሁለት ሳምንት ኩዌሪዎቹን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከመረጃ ቋቱ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች፣ አንድ በአንድ ስፈትሽ ከረምኩ። አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚፈለገው የት እንዳለ የሚያሳይ) ስላልነበረው በእያንዳንዱ ዙር ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ይነበባል፤ ጊዜውን የሚበላው ይህ ነበር። ኢንዴክስ ጨመርኩለት፣ በነጠላ በነጠላ ይመዘገብ የነበረውን በጥቅል እንዲመዘገብ አደረግኩ፤ 35 ደቂቃ ገባ።

ለጎረቤቴ የነገርኳት ግን እንዲህ አይደለም። «ችግር ነበረብን፣ መረመርን፣ አገኘን፣ አስተካከልን» እያልኩ ነው የጨረስኩት። የምናወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «እኛ» ራሱን ችሎ ይሰማል። በአማርኛ ቢሆን ግሱ ውስጥ ተሸሽጎ ያልፍ ነበር፤ ምናልባት እኔም ዕድሜ ልኬን ሳልሰማው የኖርኩት ለዚህ ይሆናል። ሰዓቱ ሲደወል ወረቀቷን ወደ እኔ አዞረችው። 14 ጭረት።

«ሌሎቹ እነማን ነበሩ?» አለችኝ። በቅንነት ነው የጠየቀችኝ፤ አብረውኝ የሠሩትን ማወቅ ፈልጋ። በመጨረሻ ኮዱን ካየልኝ አንድ ባልደረባ በቀር ማንም አልነበረም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኔ ግን አምስት ዓመት ሙሉ እያሳነስኩ ነበር የቆረስኩት።

አሰልጣኟ እዚህ ላይ ቆም ብለው ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች አንዱ የሆነውን የኢኒያክን ነገር አነሡ። በፌብሩዋሪ 1946 ያ ግዙፍ ኮምፒውተር ለሕዝብ ሲታይ ፕሮግራሙን የሠሩት ስድስት ሴቶች ነበሩ፦ ኬይ ማክነልቲ፣ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ባይላስ እና ሩት ሊክተርማን። በዚያ ቀን ስማቸው አልተጠራም፤ ማታ በተደረገው የእራት ግብዣም አልተጠሩም። ስድስቱ በቴክኖሎጂ የሴቶች የክብር መዝገብ ውስጥ የገቡት በ1997 ነው፤ ከ51 ዓመት በኋላ። ስሞቹን ወረቀቴ ላይ ጻፍኳቸው። እዚህም ስድስቱንም የዘረዘርኩት ሆን ብዬ ነው።

ከዚያ ያንኑ ታሪክ እንደገና አስነገሩን። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ያደረግሽውን «አደረግኩ» በይ፣ ሌላው ያደረገውን በስሙ ጥሪው። በሁለተኛው ዙር የባልደረባዬን ስም ጠራሁ፤ በመጀመሪያው ዙር እሱም «እኛ» ውስጥ ተውጦ ነበርና። ለካ በዚያ ቃል የምሰርቀው ከራሴ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከሰማሁት ሌላው የማልረሳው በአማካሪና በዋስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ዋስ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። አማካሪ አንቺን ያነጋግራል። ዋስ አንቺ በሌለሽበት ክፍል፣ እድገት በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ፣ የራሱን ስም አስይዞ ስምሽን ይጠራል። እኔ ሦስት አማካሪ ነበረኝ፤ ዋስ አንድም አልነበረኝም። ዋስ ደግሞ «ዋስ ሁኑኝ» ተብሎ ብቻ አይገኝም። የሚዋስልሽ ሰው ሥራሽን አይቶ ለሌላ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት መቻል አለበት።

ያንን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደምሠራ ያሳየችኝ ጉባኤው በስሟ የተሰየመላት ግሬስ ሆፐር ናት። በ1952 ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም፣ የሠራችው፣ ኋላም በአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ ሪር አድሚራልነት የደረሰችው ሆፐር ትምህርት ስትሰጥ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ታድል ነበር። «ናኖሰከንድ» ትለው ነበር፤ ብርሃን በአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ነው። የሳተላይት መልእክት ለምን እንደሚዘገይ ለሚጠይቋት መኮንኖች ሽቦውን እያሳየች እስከ ሰማይ ድረስ ስንት እንዲህ ያለ ሽቦ እንደሚያስፈልግ ታስገምታቸዋለች። ሰውየው ፊዚክስ ማወቅ የለበትም፤ እጁ ላይ ያለውን ማየት ይበቃዋል።

ከሂውስተን እንደተመለስኩ በሁለት ቀን ውስጥ ለሦስት ሰው ጻፍኩ። «ስላገኘሁዎት ደስ ብሎኛል» የሚል ብቻ ሳይሆን ከነገሩኝ ውስጥ አንዱን ነጥብ አንሥቼ ምን እንዳደረግኩበት ነገርኳቸው። አሰልጣኟ በሦስተኛው ሳምንት ደውለውልኝ ሲቪዬን አብረን አየን። «ተሳትፋለች» የሚለውን ቃል በሙሉ ሰረዙት። «ምን ሠርተሽ ነው የተሳተፍሽው? እሱን ጻፊው» አሉኝ። ሲቪው አጠረ፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን መሰለ።

ለዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ አንድ ገጽ ይዤ ገባሁ፤ የእኔ ሽቦ መሆኑ ነው። ላይኛው መስመር 4 ሰዓት፣ ታችኛው 35 ደቂቃ። ከሥሩ ሪፖርቱ ዘግይቶ ሥራ ያስቆመባቸው ጠዋቶች ብዛት፦ ከማስተካከሌ በፊት በነበሩት ሦስት ወራት 11፣ ከዚያ ወዲህ ምንም። ማናጀሬ ወረቀቱን ትንሽ አየውና «ይህን የሠራሽው አንቺ መሆንሽን አላውቅም ነበር» አለኝ።

ይህን ሲለኝ መጀመሪያ ያዘንኩት በራሴ ነበር። ኋላ ግን ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። በየቀኑ አብሮኝ እየዋለ ማን ምን እንደሠራ ያልጠየቀ ኃላፊም የራሱን ሥራ አልሠራም። በጉባኤው ላይ የሚከፋኝም ይኸው ነው፤ ብዙው ክፍለ ጊዜ ሸክሙን ሁሉ ሴቷ ላይ ይጭናል፣ ተናገሪ፣ ጠይቂ፣ ድፈሪ። መጠየቅ ያለበት ኃላፊ ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እኔ ይህን ጽፌ ለማናጀሬ ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ በቡድናችን ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ሥራ ከሠራው ሰው ስም ጋር ይነበባል።

እድገቱ ወዲያው አልመጣም። በጀት የለም ተባልኩ። ተነሥቼ ከመውጣቴ በፊት «የቀረኝን በጽሑፍ ይስጡኝ» አልኩ፤ ሦስት ነጥብ ተሰጠኝ፣ ሦስቱንም ሠርቼ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ወረቀት መልሼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ያን ጊዜ ማናጀሬ እሺ አለ። ሌላ ሥራ ፍለጋ የተሸከምኩት ሲቪ የተረፈው 18 ቅጂ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ጭረቱን ካሰመረችልኝ ልጅ ጋር በየወሩ መጨረሻ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንለዋወጣለን፤ በወሩ የሠራነውን፣ በ«እኔ» የሚጀምር። የባለፈው ወር የእርሷ እንዲህ ይላል፦ «እኔ አንድ ሰርቨር አወደቅኩ፤ እኔው አነሣሁት፤ ሁለቱንም ለቡድኔ ነገርኩ።»